አለቃ ገብረ ሐና፦ በቀልድ የተሸፈኑት ሊቅ



በዚህ እትም ታሪካቸውን የምናነሳው ሰው የእምነታችን ተከታይ አልነበሩም፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ በጎንደርና በዙሪያዋ ያደገ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ስማቸውን ሳይሰማ አላደገም። ሠርግ ቤት፣ ገበያ ውስጥ፣ ሚኒባስ ላይ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ዶርም ውስጥ፣ አንድ ሰው የአለቃ ገብረ ሐናን ስም ካነሳ የሁሉም ጆሮ ይቆማል። አገራችን ቴአትር ቤትና ቴሌቪዥን ሳይኖራት በፊት የሚያስቅ ሰው ነበራት። በኋላ በመድረክና በካሴት የመጡት ቀልደኞች ሁሉ የእሳቸው ልጆች ናቸው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ግን አንድም ቀልዳቸውን ላለመጥቀስ ተስማምተናል። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ለጽሑፉ መነሻ የሆነን እኛው ራሳችን ያጠፋነው ጥፋት ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን የአለቃን ቀልድ እየተቀባበልን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጨዋታው እንዲደምቅ ብሎ በአለቃ ስም ፈንታ የአንድ አንደኛ ዓመት ተማሪ ስም አስገባ። ልጁ ከገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ሶላት የማያመልጠው ወንድማችን ነው። ቀልዱን ለአስተማሪ የተናገረው እሱ እንደሆነ አድርገን አወራነው። ሳቅን፣ ተኛን፣ ረሳነው። በሳምንቱ ግን ወሬው ካፌ ደረሰ። ልጁን በስሙ የሚጠራው ጠፋ፤ ሁሉም በቀልዱ ይጠራው ጀመር። ከእኛ ጋር ምሳ መብላት ተወ። በመጨረሻ መጥቶ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህን ሲናገር የሰማው ማን እንደሆነ። መልስ አልነበረንም።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ነን። አንድ ንግግር ለአንድ ሰው ሲሰጥ ከማን ተሰማ፣ እሱስ ከማን ሰማ ብሎ መጠየቅን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሰነድ የሌለውን ወሬ በሰው ስም ማውራት ምን እንደሆነ እናውቃለን። በዚያ ማታ ግን አላሰብነውም። ከዚያ በኋላ ነው ስለ አለቃ ገብረ ሐና ማሰብ የጀመርነው። እኛ በአንድ ልጅ ላይ በሳምንት ያደረግነውን፣ አገር በእሳቸው ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደርገው ኖሯል።

ከፎገራ እስከ ጎንደር

አለቃ የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. ገደማ፣ ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባል ቦታ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄደ ተማሪ አገሩን ያውቀዋል። አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ወረታ ሲወርድ በስተቀኝ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ዛሬ በሩዝ የታወቀ፣ ድሮ በከብቱ የተመሰገነ አገር ነው።

በዚያ ዘመን መማር የፈለገ ልጅ መንገድ ይወጣ ነበር። የእኛ ደረሶች ለቂርአት ከሸኽ ወደ ሸኽ፣ እስከ ወሎ ሐሪማዎች ድረስ እንደሚዞሩት፣ የቤተ ክርስቲያኑም ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። ገብረ ሐናም በዚህ መንገድ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ የመጻሕፍት ትርጓሜውን፣ በኋላም ሕጉን ተማሩ። ከተማ የሆነቻቸው ጎንደር ናት። ጎንደር ያኔ የነገሥታቱ ጉልበት የደከመባት፣ የመሳፍንት ዘመን ያደቀቃት ብትሆንም በትምህርት በኩል ግን ገና ዋና ነበረች። ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው።

ገብረ ሐና ገና በወጣትነታቸው የጎንደር በአታ አለቃ ሆኑ። አለቃ ማለት የአንድ ደብር አስተዳዳሪ ነው። ካህናቱን ይመራል፣ ርስትና ግብሩን ይቆጣጠራል፣ ሲጣሉም ይዳኛል። ያን ሹመት በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሁሉ ሊቅ መካከል ማግኘት በቀልድ የሚሆን ነገር አይደለም። ፍትሐ ነገሥትን፣ ማለትም የአገሪቱ ፍርድ የሚቆምበትን የሕግ መጽሐፍ አጥርተው በማወቃቸውና በማስተማራቸውም ይታወቁ ነበር። በዛሬ ቋንቋ የሕግ መምህርም፣ የተቋም ኃላፊም ነበሩ እንደማለት ነው።

ሳቁ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው አለቃን እንደ አንድ ነገረኛ ሽማግሌ ብቻ ያስባቸዋል። የቀልዳቸው ምንጭ ግን ትምህርታቸው ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ቃል ሲሰማ አንድ ትርጉም አይሰማም። ላዩ ሰም ነው፣ ውስጡ ወርቅ። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው። እንዲህ ለዓመታት የሠለጠነ አእምሮ ገበያ ሲወጣም፣ ግብር ሲበላም፣ ንጉሥ ፊት ሲቆምም ቃልን መሰንጠቁን አይተውም።

አማርኛም ለዚህ የተመቸ ነው። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ነገሩን እንዲህ እናየዋለን፤ ፊደላችን የሚናገረውን ሁሉ አይመዘግብም። ይበላል ብለን ስንጽፍ ሰውየው ምግብ ይበላል ማለት ነው ወይስ ምግቡ ራሱ የሚበላ ነው? በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ የሚለየው ሲነገር በመጥበቅና በመላላት ነው። አለ የሚለው ቃልም ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። አንድን ቃል ለሁለት ቢሰብሩት ደግሞ ሌላ ሁለት ቃል ይወጣል። የአለቃ ጨዋታ የሚኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሰሚው ምስጋና መስሎት ያመሰግናል፤ ቤቱ ደርሶ ሲያስበው ስድብ ሆኖ ያገኘዋል። ለዚህ ነው ንግግራቸው በሌላ ቋንቋ ሲተረጎም የሚሞተው፤ ለዚህም ነው ጉዳቱ ዘግይቶ የሚሰማው።

እንዲህ ያለ ምላስ በሰላም ዘመንም አደገኛ ነው። እሳቸው ግን የኖሩት በሰላም ዘመን አልነበረም።

ከንጉሡ ፊት ወደ ደሴቱ

በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። ንጉሡ አገሪቱን አንድ ማድረግ፣ ሠራዊት መቀለብ፣ መድፍ ማሠራት ፈለጉ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብና መሬት ያስፈልጋል፤ መሬቱ ደግሞ በብዛት በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ንጉሡ ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለግብር ይግባ አሉ። በአንድ ደብር ብዙ ካህናት በሚያገለግሉባት ጎንደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ቀላል ነው። የጎንደር ካህናትና ንጉሡ እስከ መጨረሻው አልታረቁም።

የበአታው አለቃ በዚህ መሐል ነበሩ። ንጉሡ ዕውቀታቸውን ይወዱላቸው እንደነበር፣ ምላሳቸው ግን እንዳስቆጣቸው፣ ከዚያም አለቃ ከከተማ ርቀው ለመሸሽ እንደተገደዱ ይተረካል። መጠጊያ የሆናቸው በጣና ውስጥ ያለው የሬማ መድኃኔ ዓለም ደሴት ነው።

ጎንደርም ብዙ አልቆየችም። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው ዘርፈው አቃጠሏት። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ከሱዳን መጥተው እንደገና አነደዷት። በሁለቱ እሳቶች መካከል፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ፤ የእኛ አያቶችም መከራ አዩ። ይህን የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የአለቃ ሳቅ በየትኛው ዘመን እንደተሳቀ እንድናውቅ ነው። ቤት የሚቃጠልበት፣ ሰው በሃይማኖቱ የሚሰደድበት፣ ሊቅም ባለ ሸማም እኩል የሚፈራበት ዘመን ነበር። አለቃም የሳቁት ጠግበው ወይም ተደላድለው አልነበረም።

ደንገሉ የተማረው ዜማ

የአለቃ ትልቁ ሥራ የተወለደው በስደቱ ነው። ከእምነታችን ውጭ ያለ ጉዳይ ስለሆነ በአጭሩ እናስረዳ። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲቀርብ ካህናቱ መቋሚያ ይዘው፣ በጸናጽልና በከበሮ ምት ሰውነታቸውን በሥርዓት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ትምህርት አቋቋም ይባላል፤ ዓመታት ይፈጃል። መንዙማ ሲባል ከድቤው ጋር እኩል የሚወዛወዘውን ጀመዓ ያየ ሰው ነገሩ ምን እንደሚመስል በጥቂቱ ሊገምት ይችላል።

አለቃ በደሴቱ ሳሉ የጣና ማዕበል ሲመታውና ነፋስ ሲያልፍበት ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዘውን ደንገል ተቀምጠው ያዩ ነበር ይባላል። ከዚያ ተነስተው አዲስ የአቋቋም ስልት አበጁ። ስልቱን ይዘው ሲመጡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ጎንደር የቆየ ሥርዓት ነበራት፤ አዲስ ነገር፣ ያውም ከቀልደኛ ሰው፣ ማን ይቀበላል? እዚህ ላይ ነው የቀልድ ስማቸው ትምህርታቸውን የጎዳባቸው ብለን የምናምነው። ሰው አንዴ ቀልደኛ ከተባለ ቁም ነገሩንም ቀልድ ያስመስሉበታል።

አለቃ ግን አልተሟገቱም። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ አስተማረው፤ ከዚያ በየአገሩ ተሰራጨ። ዛሬ በኢትዮጵያ ከታወቁት የአቋቋም ስልቶች አንዱ ይኸው ነው፤ መጠሪያውም ተክሌ ነው። ልብ በሉ፤ አባትየው የሠሩት ሥራ የሚጠራው በልጃቸው ስም ነው። እሳቸው ያልተናገሩት ቀልድ ደግሞ በእሳቸው ስም ይጠራል። የሠሩት ሄደ፣ ያልሠሩት መጣ።

ሸዋና የመጨረሻው ዘመን

ዐፄ ምኒልክ አዋቂ ሰብሳቢ ነበሩ። አለቃም በእርጅናቸው ወደ ሸዋ ተጠርተው በእንጦጦ ራጉኤል እንዳገለገሉና ቤተ መንግሥት ይገቡ እንደነበር ይነገራል። ምኒልክ ታጋሽ ነበሩና ጨዋታቸውን ይወዱላቸዋል። እቴጌ ጣይቱ ግን የዚያው የበጌምድር ወገን፣ ነገር የሚገባቸው፣ ምላሳቸውም ስል የሆነ ሴት ነበሩ። ሰምና ወርቁን የሚለይላቸው ሰው አያሻቸውም። ታሪኩ እንደሚለው አለቃ እቴጌን ነክተው ተቆጥተውባቸዋል፤ በመጨረሻም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በቤታቸው የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ናቸው። በቀልዶቹ ውስጥ ዘወትር ሲታለሉ ወይም ሲሳቅባቸው እንሰማለን። ይህች ሴት በእውነት እንዴት ያለች ነበረች ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ባል ከደብር ደብር ሲዞር፣ ከንጉሥ ሲጣላ፣ ደሴት ሲሸሽ ቤት የያዘች፣ ልጅ ያሳደገች ሰው ያስፈልጋል። ያ ድካም ቀልድ ስለማይሆን አልተወራም።

አለቃ ገብረ ሐና በ1890ዎቹ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ዐረፉ። ከፎገራ የተጀመረው ሕይወት ንጉሥ ፊት ደርሶ፣ ደሴት ተሰድዶ፣ ሸዋ ዘልቆ ተመልሶ እዚያው አካባቢ አበቃ።

ከሞቱ በኋላ የበዛው ምላስ

አለቃ ቀልዶቻቸውን ጽፈው አልተዉም። ሰው በቃል ተቀባበላቸው፤ ዘግይቶ መጽሐፍ ሆኑ፣ ካሴት ሆኑ፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ ይላካሉ። በየቅብብሎሹ ይጨመራል። እኛ ዶርም ውስጥ አለቃ መኪና ተሳፍረው የሚቀልዱበትን ሰምተን ስቀናል። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አለቃ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። አንድ ቀን ብቻ ማስላት ይበቃ ነበር፤ አላሰላንም። እንዲህ በቀን የሚያዘው ጥቂቱ ነው። ቀን የሌለው፣ ለባለጌ ነገር መሸፈኛ የተፈለገለት፣ ሴትን ወይም አንድን ሠፈር ወይም አንድን ሕዝብ የሚያዋርደው ወሬ ሁሉ በእሳቸው ስም ያልፋል። ተናጋሪው ማንነቱ ቢታወቅ የሚያፍርበትን ነገር አለቃ አሉት ሲል ነውሩ ለሟች ይተርፋል። ሟች ደግሞ አላልኩም አይልም።

ይህ በአለቃ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በመድረሳ ዐረብኛ ስንማር የሳቅንበት ጁሃ እንዲሁ ነው። የባግዳዱ ዓሊም ኢብኑል ጀውዚ ስለ ሞኞች በጻፈው ኪታብ ስለ ጁሃ ሲያነሳ፣ ሰውየው ብልህና ተጫዋች እንደነበር፣ ጎረቤቶቹ ግን ወሬ እየፈጠሩ ይለጥፉበት እንደነበር የሚገልጽ ወሬ አስገብቷል። ዓሊሙ የሞኞችን ወሬ ሲሰበስብ እንኳ ሰንሰለቱን አልጣለም፤ ሊያስቅ ሲል የሰው ሐቅ አልረሳም። እኛ ዛሬ አንድ ቀልድ በቴሌግራም ስናስተላልፍ ይህን ያህል እንኳ አንጠነቀቅም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ አንድም ቀልድ ያልጠቀስነው ለዚህ ነው። ከሚወሩት ውስጥ በእርግጥ የእሳቸው የሆኑ መኖራቸውን አንክድም፤ እንዲያ ያለ ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። ነገር ግን የትኛው የእሳቸው፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ለይተን ሰነዱን ማቅረብ አልቻልንም። ያልቻልነውን በሰው አፍ ማኖር ደግሞ በዚያ ማታ ያደረግነው ነው። ቀልዱን ሁሉ ስናነሳ የቀረልን ሰው ግን ትንሽ ሰው አልነበረም። ሕግ አዋቂ፣ የደብር መሪ፣ ተገፍቶ ደሴት ላይ ሆኖ እንኳ አዲስ ትምህርት የፈጠረ መምህር ነው ያገኘነው።

ሳቅ ይቁም አላልንም። ዲናችን ፈገግታን አይጠላም፤ እውነት ያለበት ጨዋታም አይከለከልም። ከአለቃ የምንማረው ምላስ ስጦታም ዕዳም መሆኑን ነው። እሳቸው የተናገሩት በራሳቸው ላይ መዘዝ አመጣ፤ ከፈሉበትም። ያልተናገሩትን ግን የሚከፍሉት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ያበደርናቸው እኛ ነን።

ያንን ወንድማችንን ከዒሻ ሶላት በኋላ ሄደን ዐፍው ጠየቅነው። ቀልዱን እኛ እንደፈጠርነው ወሬው በደረሰበት ቦታ ሁሉ እንድንናገር ብቻ ጠየቀን። ካፌም፣ ክፍልም፣ ዶርምም ዞረን ተናገርን። አንዳንዱ ሰማን፣ አንዳንዱ ይህንንም ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቅጽል ስሙ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ቃል ሲወጣ ቀላል ነው፤ ለመመለስ ግን እግር ያደክማል። ልጁ አሁን ከእኛ ጋር ምሳ ይበላል፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን ጽሑፍም ከመታተሙ በፊት አንብቦ፣ ስሙ እንዳይጠቀስ አሳስቦ፣ ይውጣ ብሎናል።

ከእንግዲህ በጨዋታ መሐል የአንድን ሰው ስም፣ የሞተም ይሁን ያለ፣ ስታነሱ የእሱን ጥያቄ አስታውሱልን፦ ሲናገር የሰማው ማን ነው?